የተጣራ ክብደት

ጥር 3

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሚጢጢ፤

ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን እንዳለን አለን። እትዬሽ ከአልጋዋ ሆና ታዛለች፣ እኔ እታዘዛለሁ።

ሰው ክብደት እንዲያነሳ ላስተምር ነው ብለሽ ባህር ማዶ ስትሄጂ ስቄብሽ ነበር። እኛ ስንሸከም ማንም አላስተማረንም፤ ጆንያው ራሱ ነው ያስተማረን። አሁን ግን ስራሽ አስፈልጎኛል፤ ሳቄን መልሻለሁ።

ነገሩ ይኸውልሽ። የእትዬሽ ቀኝ ጎን ከተመታ ዓመት ሊሞላው ነው። ከአልጋ ወደ ባለጎማ ወንበሯ አብራኝ ታነሳት የነበረች አንዲት ጎረቤታችን ልጇ ዘንድ ሄዳ ቀረች። ብቻዬን ሞከርኩ። ግማሽ ላይ ጉልበቴ ከዳኝና ሁለታችንም አልጋው ላይ ተመልሰን ወደቅን። እሷ ሳቀች። መምህሯ ልጃችን ስትሰማ ግን አልሳቀችም። ግንቦት አምስት እመጣለሁ ብላለች። እስከዚያ እናቷን ብቻዬን ማንሳት ካልቻልኩ ይዛት ትሄዳለች። የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። እትዬሽ አንዴ ከወጣች መሬት አትረግጥም። እዚህ ወንበሯ ደጃፍ ላይ ነው፤ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ እየጠራች ታወራለች፣ ታማለች፣ ትፈርዳለች። ያንን ከወሰዱባት ምን ይቀራታል?

ክብደቷ ሀምሳ ሁለት ኪሎ ነው። ከነወንበሯ መዝኜ ወንበሩን ቀነስኩ። አሁን እሷን በማንሳት የሚያግዘኝ ጎረቤታችን በያጁ ከውሃ ቧንቧ ዘንግ ሰርቶልኛል፤ በሁለቱ ጫፍ የቀለም ቆርቆሮ አለው፣ አሸዋ እሞላበታለሁ። ጡረታ ስወጣ የእህል መጋዘኑ የሰጠኝ አሮጌ ሚዛንም አለኝ። ሰላሳ አንድ ዓመት መዛኝ የነበረ ሰው በቁጥር አይሳሳትም። በስንት ልጀምር? በየስንት ቀኑ ልጨምር? ይህን ብቻ ጻፊልኝ። ምክር አልፈልግም።

ስልክ አትደውዪ። ጆሮዬን የመጋዘኑ ማሽን እንደበላው ታውቂያለሽ፤ በስልክ ስታወሪ ክዳኑ የሚንቀጠቀጥ ድስት ነው የምትመስዪኝ። በስልክ መልእክት ጻፍ ደግሞ አትበዪኝ፤ ጣቴ ሶስት ፊደል ባንዴ ይጫናል።

ክንድሽ አይዛል።

አጎትሽ


ጥር 21

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ጋሼ፣ ይህ ወረቀት ሁለታችሁንም በደህና ያግኛችሁ። እትዬን ግንባራቸውን ይሳሙልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎ አስራ ሦስት ቀን ፈጀ። ጂሙ ውስጥ ልብስ መቀየሪያው ጋ ቁጭ ብዬ ሳነበው ሳቄ አምልጦኝ አለቃዬ ምን ሆንሽ አለኝ።

ምክር አልፈልግም ስላሉ ይህ ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ ግፊትዎንና ልብዎን ሐኪም ይይልዎ። ከዚያ በአስር ኪሎ ይጀምሩ። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ፣ በመካከሉ እረፍት። ከመሬት አምስት ጊዜ ያነሳሉ፣ ሦስት ደቂቃ ያርፋሉ፤ ደግሞ አምስት፣ ደግሞ እረፍት፤ ደግሞ አምስት። ሦስቱንም ዙር ጀርባዎ ሳይጎብጥ፣ በተከታታይ ሁለት ቀን ከጨረሱ ሁለት ኪሎ ይጨምራሉ። አንዱ ዙር ከተበላሸ አይጨምሩም። መሀል ላይ ካቃተዎት ያስቀምጡታል። ማስቀመጥ ነውር አይደለም።

የማሰለጥናቸው አንድ ጡረተኛ የባቡር ሾፌር አሉ። ከወንበር ቁጭ ብድግ በማለት ነው ያስጀመርኳቸው። አምስት ወር ሆናቸው፤ "ልጄ፣ መቃብሬ ድረስ ቀስ እያልኩ ነው የምሄደው?" ይሉኛል። ግን ባለፈው ሳምንት የውሃ ጀሪካን ደረጃ ይዘው ወጡ። አባቴ ስለ እርስዎ "ወንድሜ ውሃው እስኪፈላ አይጠብቅም፣ ለብ ሲል ይጠጣዋል" ይል ነበር። እባክዎ ጋሼ፣ ይፍላ።

ለእርስዎም ለእትዬም ዕድሜ ይስጥልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 9

ለሚጢጢ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን።

ደብዳቤሽ የደረሰው የካቲት ሦስት ነው። እስከዚያ ቁጭ ብዬ አሸዋውን እንዳየው ነበር የጠበቅሽው? አስራ ስድስት ላይ ነበርኩ። ዛሬ ሀያ ነው። ቀላል ነው።

ሐኪሙ ጋ ሄጃለሁ። ግፊቴን ለካና "ምን ሊሰሩ ነው?" አለኝ። "ሚስቴን ልሸከም" ብለው "በዚህ ዕድሜ?" ብሎ ነርሷን አያት። ነርሷ ወጥታ ስትስቅ ሰማሁ፤ እኔ የማልሰማው ስልክ ብቻ ነው።

ያንቺን ትእዛዝ አሰላሁት። ከአስር እስከ ሀምሳ ሁለት በሁለት በሁለት ሀያ አንድ ጭማሪ ነው፤ አርባ ሁለት ቀን ልምምድ፤ አስራ አራት ሳምንት። አንዲት ቀን ሳላበላሽ እንኳ ግንቦት አምስት ያልፋል። ፖስታ ቤት የበላብኝን ቀንስ ማን ይተካልኛል? አንቺ የምታሰለጥኚያቸው ሰዎች ከእድሜያቸው በቀር የሚያስቸኩላቸው የለም። እኔን የሚያስቸኩለኝ ልጄ ናት፤ ስትመጣ ደግሞ ቀን አታዛንፍም።

ሦስት ደቂቃ እረፍት ያልሽውንም አልገባኝም። በሦስት ደቂቃ ከመኪና ስንት ጆንያ ይወርዳል መሰለሽ?

እትዬሽ ከአልጋ ሆና "ሲያነሳ እንደ በሬ ያቃስታል በላት" ትላለች። አላቃስትም። እተነፍሳለሁ።

አጎትሽ


የካቲት 26

ለአጎቴ፤

ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። እኔ ደህና አይደለሁም፤ ተናድጃለሁ።

ከጠየቁኝ በኋላ የራስዎን የሚያደርጉ ከሆነ የፖስታውን ቴምብር ለምን ያባክናሉ? እዚህ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሲገጥመኝ ብረቱን እነጥቀዋለሁ። እርስዎ ጋ እጄ አይደርስም፣ ይህንንም ያውቃሉ።

ይሁንና ቁጥርዎን አብራኝ ለምትሰራው ፊዚዮቴራፒስት አሳየኋት። "ጆንያ ሲሸከም ለኖረ ሰው ሀያ ኪሎ ቀላል ነው፤ አትጨነቂ" አለችኝ። ተከራከርኳት፤ ግን ቁጥሩን ሳየው እውነቷን ነው። ስለዚህ እስከ ሀያ ስምንት ይሂዱ። እዚያ ላይ ቀጥ! ቀጣዩ ደብዳቤዬ እስኪደርስ አንዲት አካፋ አሸዋ እንዳይጨምሩ።

ሁሉን ጽፈውልኛል፤ የሐኪሙን፣ የነርሷን፣ የእትዬን። ጀርባዎ እንዴት እንደሆነ ብቻ አልጻፉም።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 11

ለሚጢጢ፤

ደህና ነሽ? ደህና ነን።

የተጣራ ሀያ ስምንት ደርሻለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እናንተ ዘንድ የሚታሰር ወፍራም የወገብ ቀበቶ አለ ይባላል። አንድ ላኪልኝ። ለበያጁ ነው። ወገቡን አሞታል። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አቅቶት ሰው ነው የሚያስርለት። አንድ ሰው እንዲህ ሲሆን ልምምዱን ያቆማል ወይስ ይቀንሳል? የምጠይቅሽ ለእሱ ነው።

እትዬሽ ዛሬ ሰላም አላለችሽም። ተኮራርፈናል።

አጎትሽ


መጋቢት 24

ለአጎቴ፤

ሰላም ለቤትዎ ይሁን፤ ለእትዬ በተለይ።

በያጁ ጋ ደወልኩ። ወገቡ ደህና ነው። የእርስዎን ጫማ ለአስራ አንድ ቀን ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ ማሰሩ ብቻ ሰልችቶታል። "ጋሼ ባዶ እግራቸውን ቢሄዱ ምን አለበት?" አለኝ።

በእርሱ ልቆጣዎ ቁጭ አልኩና "የተጣራ" የሚለው ቃል ላይ ዓይኔ ቀረ። ትናንት አውቶቡስ ውስጥ ሳለሁ ነው የገባኝ። ፌርማታዬን አለፍኩ፤ ቀጣዩንም አለፍኩ።

ጋሼ፣ ቧንቧውንና ቆርቆሮዎቹን ቀንሰዋል? አሸዋውን ብቻ ነው የቆጠሩት? በመጀመሪያው ደብዳቤዎ እትዬን ከነወንበራቸው መዝነው ወንበሩን እንደቀነሱ ጽፈውልኝ ነበር። አንብቤ ሳቅሁ እንጂ አላሰብኩም። አንድ ጀማሪ የሚጠይቀውን፣ ዘንግዎ ስንት ይመዝናል የሚለውን እንኳ አልጠየቅሁም። ይባስ ብዬ ይጨምሩ ያልኩት እኔ ነኝ።

በዚህ ስራ ብረቱ ከነሁሉ ነገሩ ነው የሚቆጠረው። ወገብ ጆንያውን አይቀንስም።

አሁኑኑ ያቁሙ። ይህ ወረቀት እስኪደርስ እንዳይቆይ፣ በያጁ በአጥሩ በኩል እንዲነግርዎ ለምኜዋለሁ። በደንብ ጮክ በል ብዬዋለሁ። ሐኪም ጋ ይሂዱ። ከዚያ የእያንዳንዱን ዕቃ ክብደት ይጻፉልኝ። የወገብዎንም እውነት።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 6

ለሚጢጢ፤

ፈጣሪ ይይልሽ። በያጁ አጥሩ ላይ ወጥቶ "ጋሼ! የወንድምዎ ልጅ ያቁሙ ብላለች!" ብሎ ሲጮህ ሰፈሩ በሙሉ ምን እያደረግኩ እንደነበር ለማየት ወጣ። የዳቦ ቤቷ ሴት ሳትቀር። እስካሁን በዚያ ሳልፍ "ጋሼ፣ አቆሙ?" ትለኛለች።

ቧንቧው ስምንት ኪሎ ነው። ቆርቆሮዎቹ ሦስት ሦስት። ሲደመር አስራ አራት። ሀያ ነው ብዬ ስጽፍልሽ ሰላሳ አራት ነበር ያነሳሁት፤ ሀያ ስምንት ስትዪኝ አርባ ሁለት። አዎ፣ ቀንሻለሁ! እንዴት አልቀንስ? ጆንያውን የማይቀንስ መዛኝ ሌባ ነው የሚባለው። ሰላሳ አንድ ዓመት አንድም ሰው ሌባ ብሎኝ አያውቅም። ከነጆንያው የሚቆጥር ሙያ መኖሩን በምን ልወቅ?

እውነቱን ጻፍ ብለሻል። መጋቢት አስር ላይ፣ በሦስተኛው ዙር፣ ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ገመድ ተሳበ። ዘንጉን ጥዬ ወለሉን ሰነጠቅሁት። እትዬሽ ከመኝታ ቤት "ምን ወደቀ?" አለች። "ቆርቆሮ" አልኳት። "ቆርቆሮ ዋይ አይልም" አለችኝ። የተኮራረፍነው ሐኪም ጋ ሂድ ስትል እምቢ ስላልኩ ነው። አሁን ሄጃለሁ። ጡንቻ ነው፣ አጥንት አልተነካም፤ ሁለት ሳምንት እንዳታነሳ አለኝ። እስከዚያ ጠዋትና ማታ እትዬሽን የሚያነሷት በያጁና ሚስቱ ናቸው። እኔ በሩን እይዛለሁ።

ትናንት ልጃችን ደወለች፤ እናቷ ናት ያነጋገረቻት። ሻንጣ ገዝታለች። ትልቅ ነው፣ ጎማ ያለው። እትዬሽ ስልኩን እንደዘጋች የቁምሳጥኗን ቁልፍ አምጣ ብላ ትራሷ ስር አደረገችው።

አንድ ወር ነው የቀረኝ። ዜሮ ላይ ነኝ። ከምኑ ልጀምር? ምክርም ቢሆን ጻፊ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 18

ለአጎቴ፤

ጋሼ፣ እግዜር ይማርዎ። ይህን በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ፤ በአምስት ቀን ይደርሳል ብለውኛል። ጥቅሉ ውስጥ የጠየቁት ቀበቶ አለ። ለእርስዎ ወገብ አይደለም። ለእትዬ ወገብ ነው፤ በጎንና በጎኑ መያዣ አለው።

ደብዳቤዎን ለዚያች ፊዚዮቴራፒስት ሙሉውን ተረጎምኩላት። ስትሰማ ቆየችና "ሴትየዋስ? ደህናው እግራቸው ምን ያህል ይይዛል?" አለችኝ። ጠይቄዎ አላውቅም። ሦስት ወር ሙሉ ስለ አሸዋ ነው የተጻጻፍነው።

ሀምሳ ሁለቱን በሙሉ ያንሱ ያለዎት ማን ነው? የተጣራውን ማወቅ ከፈለጉ የእትዬን ግራ እግር ይቀንሱ። ሰው እንደ ጆንያ አይጎተትም፤ ያግዛል፣ የሚጠይቀው ካገኘ።

እንዲህ ነው። ወንበሩን በደህናው ጎናቸው ያስጠጉ፣ ፍሬኑን ይያዙ። እትዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጡ፣ እግራቸው ከጉልበታቸው ስር ይሳብ። እርስዎ ፊት ለፊት ሆነው የታመመውን ጉልበት በጉልበትዎ ደገፍ ያድርጉ። ቀበቶውን ይያዙ፤ ብብታቸውን በፍጹም። እትዬ አፍንጫቸውን ወደ ጉልበታቸው ያስቀድሙ። ሦስት ይቁጠሩ፣ በሦስተኛው አብራችሁ። ሲዞሩ በእግርዎ እንጂ በወገብዎ አይዙሩ። መጀመሪያ የጤና ጣቢያው ፊዚዮቴራፒስት ቤት መጥቶ ያሳያችሁ፤ በያጁም አጠገባችሁ ይቁም።

ከዛሬ ጀምሮ ፕሮግራሙ የእትዬ ነው። አልጋው ከፍ እንዲል ብርድ ልብስ አራት እጥፍ ከስራቸው አድርጉ። ከፍ ካለ ቦታ መነሳት ይቀላል። አምስት ጊዜ ብድግ ቁጭ፣ ሦስት ደቂቃ እረፍት፣ ሦስት ዙር። በተከታታይ ሁለት ቀን ከተሳካ አንድ እጥፍ ቀንሱ። ካልተሳካ አትቀንሱ። እግራቸው እምቢ ካለ ያስቀምጧቸው።

እዚህ ላይ ባይሰሙኝ እኔ ራሴ ለልጅዎ ደውዬ ሻንጣውን አምጪው እላታለሁ። እምልልዎታለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 9

ይድረስ ለሚጢጢ፤

ጤናሽ ይብዛ፣ ክንድሽ አይዛል፣ ፖስታ ቤቱም ይቃና። እትዬሽ ሰላም ብላለች፤ ታርቀናል።

የጤና ጣቢያው ሰው መጥቶ ያልሽውን ሁሉ አሳየን። ያላልሽውን ደግሞ እኔ አደረግሁ፤ ሚዛኑን መኝታ ቤት አስገባሁት። እትዬሽን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጬ ግራ እግሯን ሚዛኑ ላይ አሳረፍኩና ተጫኚ አልኳት። አስራ ዘጠኝ ኪሎ። ራሷም አላመነችም፤ "ሚዛንህ አርጅቷል" አለችኝ። ሀምሳ ሁለት ሲቀነስ አስራ ዘጠኝ፣ ሰላሳ ሦስት። እኔ ደግሞ የካቲት ላይ ከነቆርቆሮው ሰላሳ አራት አንስቻለሁ። ያን ጊዜ ደርሼ ነበር ማለት ነው። የቀረውን በከንቱ ነው ወገቤን የሰበርኩት። ይህን ለማንም አትናገሪ፣ ለበያጁ በተለይ።

ልጃችን በቀጠሮዋ መጣች። ሻንጣውን በር ላይ አቁማ፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ "እስቲ" አለች። ተማሪ ወደ ሰሌዳ እንደምታወጣ መምህር።

ብርድ ልብሱ ሁለት እጥፍ ላይ ነበር። ቀበቶውን ያዝኩ፣ ቆጠርኩ፣ ተነሳን። ግማሽ ላይ እግሯ ተንቀጠቀጠና ከዳት። ሀምሳ ሁለቱ በሙሉ ክንዴ ላይ መጣ። መያዝ እችል ነበር፣ ሚጢጢ። እችላለሁ ብዬ ነበር፤ ልጄ እያየችኝ ነዋ። እትዬሽ በጆሮዬ "አስቀምጠኝ" አለችኝ። አስቀመጥኳት።

"በቃ አየሁ" አለች ልጄ።

"ሦስት ደቂቃ" አልኳት።

"የምን ሦስት ደቂቃ?"

"እረፍት ነው። ፕሮግራም ነው።"

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየን ተቀመጥን፣ ሦስታችንም። ሦስት ደቂቃ ይህን ያህል ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር፤ አንድ መኪና ሙሉ ጆንያ በወረደ። ልጄ መሀል ላይ ኮቷን አወለቀች።

ከዚያ ቆጠርኩ። አፍንጫዋን አስቀደመች፣ ተነሳች፣ ዞርን፣ ተቀመጠች። ወንበሩን ደጃፍ ድረስ ገፋሁት። የዳቦ ቤቷ ሴት ከማዶ "ጋሼ፣ አላቆሙም እንዴ?" ብላ ጮኸች።

ልጄ ማታ ወደ አልጋ እኔ ልመልሳት ብላ ሞከረች። ብብቷን ይዛ ስትጎትታት እናቷ "እኔ ጆንያ ነኝ? ቀበቶውን ያዢ!" ብላ ተቆጣቻት። ልጄ ላብ በላብ ሆና አልጋው ላይ ቁጭ አለች። "አባዬ፣ ነገር ጀምረህ መሀል ላይ ስታስቀምጥ ዛሬ ገና አየሁህ" አለችኝ። 

ተስማምታለች አልልሽም። "መስከረም እመለሳለሁ፣ ያኔ አያለሁ" ነው ያለችው። ሻንጣውን ግን ባዶውን ይዛ ሄደች። አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ የገፋሁት እኔ ነኝ፤ እሷ አታንሳ፣ አታንሳ እያለች።

አሁን ሌላ ጣጣ መጥቷል፤ የምጽፍልሽም በእሱ ነው። ትናንት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ እትዬሽ በያጁን ጠርታ ስትለማመድ ደረስኩ። "ስንት እጥፍ ነው ከስርሽ ያለው?" አልኳት። "ሁለት" አለች። በያጁ ጣሪያውን ያያል። አንስቼ ቆጠርኩ፤ አንድም የለም። ሁለት ቀን በተከታታይ ሳይሳካ አይቀነስም ብላት "መስከረም ድረስ ብርድ ልብስ ስቆጥር ልኑርልህ?" አለችኝ። እረፍቱንም አታርፍም፤ ዞር ስል ሦስተኛውን ዙር ጨርሻለሁ ትላለች።

ይህችን ሴት ምን ላድርጋት? ጻፊና ቆጣ በያት። የምትልክልሽን ቁጥር ግን እንዳታምኚ፤ ቁጥር መናገር የተማረችው ከእኔ ነው።

አጎትሽ